በስምንት ወር ሆድ ከድሬ ቦሌ፦ በረራው፣ ካልሲውና ደብዳቤው

በመጀመሪያ ልጄ ጊዜ አዲስ አበባ የሄድኩት በአውቶቡስ ነው። ስድስት ወሬ ነበር። ሌሊት 11 ሰዓት ከድሬ ተነስተን የደንገጎን ዳገት በጨለማ እየተጠማዘዝን ወጣን፤ ቁልቢ ስንደርስ አንዴ፣ ጭሮ ስንደርስ አንዴ አስመለሰኝ። ከሚኤሶ ወዲያ ሽንቴ መጣ ብዬ ብለምን ሾፌሩ «አዋሽ እንቆማለን» አለኝ። ከዚያ እስከ አዋሽ ያለውን መንገድ ዛሬም ሳስበው ላብ ያጠምቀኛል። አመሻሽ ላይ ስወርድ እግሬ አብጦ ጫማ አልገባ ብሎኝ፣ እናቴ ቤት የደረስኩት ጫማዬን በፌስታል አንጠልጥዬ በነጠላ ጫማ ነው።

ስለዚህ ዘንድሮ ለሁለተኛው ልጄ እናቴ ጋ ሄጄ ልውለድ ስል አውቶቡስ የሚባል ነገር እንዳይነሳብኝ አልኩ። ባቡሩንም አሰብኩት። ግን ጣቢያው ከድሬ ከተማ ውጭ፣ አዲስ አበባም ሲደርስ ለቡ ነው፤ መሃሉ ላይ የተቀመጥሽበት ሰዓት ደግሞ ብዙ ነው። በአየር እሄዳለሁ አልኩና ሄድኩ። ከበረራው በፊት ከነገሩኝ ነገር ግማሹ ስህተት ስለነበር፣ ልክ ያገኘሁትን እዚህ ልጻፈው።

መጀመሪያ የተቃወሙኝ አማቴ ናቸው። ድሬ ተወልደው ድሬ ያረጁ፣ አውሮፕላን ከግቢያቸው ቀና ብለው ካላዩት በቀር ገብተውበት የማያውቁ ሴት። «አንቺ ልጅ፣ እዚያ ላይ አየር የለም። ልጁን ያፍነዋል» አሉኝ። እኔም እውነቱን ለመናገር ትንሽ ፈራሁ። በማግስቱ ክትትል ቀኔ ስለነበር ጤና ጣቢያ ሲስተርን ጠየቅኳት። የነገረችኝ ቀላል ነው፦ አውሮፕላኑ የቱንም ያህል ከፍ ቢል ውስጡ ያለው አየር ተጨምቆ ስለሚገባ፣ ሰውነታችን የሚሰማው ከፍታ ቢበዛ 2,400 ሜትር አካባቢ ነው። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ነን። አዲስ አበባ ቦሌ ደግሞ 2,300 ገደማ። አውሮፕላኑ ውስጥ አንድ ሰዓት ተቀመጥሽ ማለት አዲስ አበባ አንድ ሰዓት ቀደም ብለሽ ደረስሽ እንደማለት ነው።

ይህን ይዤ እየሮጥኩ አማቴ ጋ ሄድኩ። «እማማ፣ አውሮፕላን ውስጥ ያለው ከፍታ የአዲስ አበባ ነው። ታዲያ የአዲስ አበባ እርጉዞች ሁሉ ታፍነዋል?»

«እነሱ ለምደውታል» አሉኝ። አቦ፣ እሳቸውን ማሸነፍ!

ግን አባባላቸው ፍሬ የለውም ማለት አይደለም። ሲስተርም ብላኛለች፦ ጤነኛ እርግዝና ከሆነ የፅንሱ ደም ኦክስጅንን ከእናቱ ደም አጥብቆ ስለሚይዝ ይህቺ የከፍታ ለውጥ አትጎዳውም። ከባድ የደም ማነስ ያለባት፣ ግፊቷ የጨመረ፣ ደም የሚፈሳት፣ የእንግዴ ልጇ ወደ ታች የወረደ፣ የልብ ወይም የሳንባ ችግር ያለባት ሴት ግን ሐኪሟ ሳይፈቅድላት አትነሳም። እኔ ግፊቴም ደሜም ደህና ነበር፤ እንግዴ ልጁም ያለበት ቦታ በአልትራሳውንድ ታይቶ ነው የተፈቀደልኝ። ይቺን ምርመራ ሳያደርጉ «እኔ ጠንካራ ነኝ» ብሎ መነሳት የለም።

አሁን ወደ ትኬቱ። ከተማ ውስጥ ካለ አንድ ትኬት ቢሮ ነው የቆረጥኩት፤ ስሙን ልተወው። ልጁ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ «ስንት ወርሽ ነው?» አለኝ። ሰባት ጨርሼ ስምንት ይዣለሁ አልኩት። «ችግር የለውም፣ እስክትወልጂ ድረስ ይቻላል፣ ወረቀት ምናምን አይጠይቁም።» በአንድ ዓረፍተ ነገር ሁለት ስህተት። ቤት ስገባ ሆዴ አላምን አለኝና አየር መንገዱ ጋ በቀጥታ ደወልኩ፤ የስልኳ ልጅ የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ስንተኛ ሳምንትሽ ነው?» የሚል ነበር።

ልብ በሉ፣ ሳምንት ነው። እኛ በወር እንቆጥራለን፣ አየር መንገዶች በሳምንት። «ስምንት ወሬ ነው» የምትል ሴት 31ኛ ሳምንቷ ላይም፣ 35ኛው ላይም ልትሆን ትችላለች፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ፣ መንታ ላረገዘች ሴት፣ አውሮፕላን ውስጥ በመግባትና ከበር በመመለስ መካከል ያለ ልዩነት ነው። አብዛኞቹ አየር መንገዶች ከ28ኛው ሳምንት በኋላ የሐኪም ደብዳቤ ይጠይቃሉ፤ ፅንሱ አንድ ከሆነና ችግር ከሌለ እስከ 36ኛው ሳምንት፣ መንታ ከሆነ እስከ 32ኛው ድረስ ይወስዳሉ። የየራሳቸው ዝርዝር ስላላቸው ግን እንደ እኔ በቀጥታ ደውላችሁ ጠይቁ፣ ትኬት ቆራጭን አትመኑ። ደርሶ መልስ የምትቆርጡ ደግሞ የመመለሻው ቀን ስንተኛ ሳምንት ላይ እንደሚውል ቁጠሩ። ስትሄዱ 34 ሆናችሁ ስትመለሱ 37 ከሆነ፣ እዚያው መውለዳችሁ ነው።

ደብዳቤውን ሲስተር በአንድ ገጽ ጻፈችልኝ፦ ስንተኛ ሳምንት እንደሆነ፣ የመውለጃ ቀኔን፣ ፅንሱ አንድ መሆኑን፣ ችግር አለመኖሩን፣ መብረር እንደምችል፣ ከታች ፊርማና ማህተም። የቆየ ደብዳቤ አይቀበሉም ስለተባልኩ በረራው ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው ያስጻፍኩት። ሁሉም ልክ ነበር፤ አንድ ነገር ብቻ ሁለታችንም አላየንም።

ኤርፖርት መመዝገቢያው ጋ ልጅቷ ደብዳቤዬን አነበበች፣ ሆዴን አየች፣ ደብዳቤውን ደግማ አነበበች። «የምትወልጂው በኖቬምበር ነው?» አለችኝ። ግንቦት ላይ ነን እኮ! ወረቀቱ ላይ የመውለጃዬ ቀን «21/11» ተብሎ ነበር የተጻፈው፤ ሲስተር ሐምሌ 21 ማለቷ ነው፣ ሐምሌ አስራ አንደኛው ወር ነው። ልጅቷ ደግሞ ኮምፒውተሯ በፈረንጅ ስለሚቆጥር በፈረንጅ አነበበችው። በሷ ስሌት ገና የሦስት ወር እርጉዝ ነበርኩ። ሆዴን ደግማ ስታየው ራሷ ሳቋን ለቀቀችው። ሳምንቱ በቁጥር ስለተጻፈ ነገሩ ወዲያው ተፈታ፣ ከኋላዬ የተሰለፉት ግን አልሳቁም። እናንተ ስታስጽፉ የወሩን ስም በፊደል አስጽፉ፣ ሐምሌ 21፣ አጠገቡ ደግሞ ጁላይ 28 ብላችሁ በሁለቱም።

የጠዋት በረራ የመረጥኩት አስቤበት ነው። ድሬ ከረፋድ በኋላ መሬቱ ሲግል ትኩስ አየር ሽቅብ ስለሚወጣ አውሮፕላን የበለጠ ይነቃነቃል፤ በማለዳ ሰማዩ ይረጋል። ለእኔም ቢሆን በግንቦት የድሬ እኩለ ቀን ላይ ከነሆዴ ሻንጣ መጎተት የማይታሰብ ነው። ኮንትራት ባጃጅ ይዘን ጠዋት 12 ሰዓት ተነሳን። የበረራውን መንገጫገጭ ስፈራ ከርሜ ከጉዞው ሁሉ የከበደኝ ባጃጁ ሆነ። «ወንድሜ፣ ቀስ» ስለው «እሺ እናቴ» ይላል፣ ጉብታው ላይ ሲደርስ ግን ይዘላታል። ሚኒባስም ቢሆን የቤት መኪናም ቢሆን የሚለሰልስ ነገር ካገኛችሁ ባጃጅ ይቅርባችሁ።

ቁርስ ላይ የደረሰብኝን ላውራ። የዚህ እርግዝና አምሮቴ ፉል ነው፤ በቃሪያና በሽንኩርት፣ ዘይቱ ከላይ፣ ከትኩስ ዳቦ ጋር። ሲስተር ግን ከበረራው በፊት ባለው ማታና ጠዋት ባቄላ፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ ለስላሳ ተይ አለችኝ። ወደ ላይ ሲወጣ አየር ይሰፋል፣ ሆድ ውስጥ ያለውም ጭምር። ይህን የድሬ ሰው በዓይኑ ያውቀዋል፦ አዲስ አበባ ክዳኑን የዘጋነው ባዶ የውሃ ፕላስቲክ ድሬ ሲደርስ ጭምድድ ይላል፣ ከድሬ የተገዛ ቺፕስ ደግሞ አዲስ አበባ ሲደርስ ሊፈነዳ እንደደረሰ ፊኛ ይነፋል። ልጄ ቦታውን ሁሉ በያዘበት ሆድ ውስጥ ሌላ ፊኛ መጨመር አልፈለግኩም። እንቁላልና ዳቦ በልቼ ወጣሁ። የፉል ቤቱን በባጃጅ ስናልፈው ፊቴን አዞርኩ።

ፍተሻው ላይ ሁለት ነገር። አንደኛ፣ የምናልፍበት የብረት መፈተሻ በር ራጅ አይደለም፣ ብረትን በመግነጢስ የሚያውቅ ነው፤ ለፅንስ አያሰጋም። ራጅ ያለው ሻንጣው በሚያልፍበት ማሽን ነው። ሁለተኛ፣ ክር ያለው ጫማ አድርጋችሁ አትሂዱ! ጫማ አውልቁ ሲባል ጎንበስ ማለት የማይችል ሰው ምን እንደሚሆን አላሰብኩም። ቆሜ ስቀር የፍተሻዋ ሴት ራሷ ቁጭ ብላ ክሬን ፈታችልኝ፣ ሲያልቅም መልሳ አሰረችልኝ። «ማርያም በሽልም ታውጣሽ» ብላ ነው የሸኘችኝ። ይህን አልረሳውም።

ከመጠበቂያው እስከ አውሮፕላኑ በእግር ነው የሄድነው፣ ከዚያ ደረጃ። ዊልቸር እናምጣልሽ ብለውኝ ነበር። «አይ፣ እችላለሁ» አልኩ፣ በኩራት። ደረጃው መሃል ላይ ስደርስ ትንፋሼ አልቆ ቆምኩ፣ ከኋላዬ ያለው ሕዝብ ሁሉ አብሮ ቆመ። ዊልቸር ገና ትኬት ስትቆርጡ ሊጠየቅ ይችላል፤ ተቀበሉ፣ አታፍሩ።

አውሮፕላኑ ባለ ፕሮፔለሩ ነው፣ ግራ ሁለት ቀኝ ሁለት ወንበር ያለው። መተላለፊያው ዳር ያለውን ጠይቄ ነበር፣ ሰጡኝ። ከፕሮፔለሩ ትይዩ ያሉት ረድፎች ይጮኻሉ፣ ይንቀጠቀጣሉም፤ ወደ ኋላ ያለው ይሻላል። የአደጋ መውጫ አጠገብ እርጉዝ አያስቀምጡም፣ ስለዚህ እግር መዘርጊያው ሰፋ ይላል ብላችሁ አትድከሙ።

ቀበቶውን በተለመደው ቦታ፣ ሆዴ ላይ፣ ላስረው ስታገል አስተናጋጇ መጣች። «እህቴ፣ ከሆድሽ ስር አድርጊው፣ በዳሌሽ አጥንት ላይ» አለችኝ። አጠረኝ። ምንም ሳልጠይቃት ማራዘሚያ ይዛ መጣች። እንዲህ ቀላል ነገር ነው፣ ግን ያለ እሷ አንድ ሰዓት ሙሉ ጨጓራዬን ታንቄ እቀመጥ ነበር። መብራቱ ጠፍቶ ቀበቶ ፍቱ ከተባለ በኋላም አልፈታሁትም፣ ድንገት ቢነቃነቅ ብዬ።

አጠገቤ የተቀመጡት ከሐረር የመጡ አሮጊት ነበሩ፣ ለዓይን ሕክምና የሚሄዱ። ሲነሳ እጄን ያዙኝ፤ እኔን ለማበርታት ይሁን እሳቸው ፈርተው አልገባኝም። ከቦርሳቸው በወረቀት የተጠቀለለ ሀላዋ አውጥተው «ብዪ፣ ለሁለት ነው የምትበይው» አሉኝ። ስኳሬን እየተቆጣጠርኩ ነው ብዬ ልከራከር ነበር፣ በላሁ። ወደ ቀኝ ስንዞር በመስኮቱ ከታች መንገዱ እንደ ክር ሲሄድ አየሁት፣ ያ የአውቶቡሱ መንገድ። ሽንቴ መጣ። ተነሳሁ፣ ሄድኩ፣ ተመለስኩ። አራት ደቂቃ! አዋሽን ማንም አልጠቀሰብኝም።

ጆሮዬ ሲዘጋ ማስቲካ አኘክሁ። ውስጡ ያለው አየር ደረቅ ስለሆነ የሰጡኝን ውሃ ጨርሼ ሌላ ጠየቅኩ። ሁለቴ ትንሽ ነቀነቀን፣ ከባጃጁ የማይበልጥ። ልጁ ግን መንቀጥቀጡን የወደደው መሰለኝ፣ ሲነሳ ተኝቶ እስኪያርፍ አልተንቀሳቀሰም፣ ቦሌ ላይ ጎማው መሬት ሲነካ ነቅቶ መርገጥ ጀመረ።

የካልሲውን ጉዳይ ለብቻው ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ሁለት ጊዜ ከፍዬበታለሁ። እርጉዝ ሴት ደሟ ቶሎ ይረጋል፣ ረጅም ሰዓት ሳትንቀሳቀስ ስትቀመጥ እግሯ ውስጥ የደም መርጋት ሊመጣ ይችላል፤ ለዚህ የሚሆን እግርን ጨብጦ የሚይዝ ረጅም ካልሲ አለ፣ ፋርማሲ ኮምፕረሽን ይሉታል። መጀመሪያ ገበያ ውስጥ ካለ ሱቅ ገዛሁ። ሻጩ «ኦሪጅናል ነው፣ የጀርመን» አለኝ። ማሸጊያው ላይ የግፊት መጠን የለው፣ ቁጥር የለው። ለብሼው ስሞክር ከላይ ጉልበቴ ስር እንደ ላስቲክ ቆረጠኝ፣ ቁርጭምጭሚቴ ላይ ደግሞ ተንሸራተተ። መሆን ያለበት ተቃራኒው ነው፣ ከታች ጠበቅ፣ ወደ ላይ ላላ። ስመልስለት አልቀበልም አለ። አንድ ኮከብ እሱም ለቀለሙ።

ሁለተኛውን ከፋርማሲ ገዛሁ፣ የግፊት መጠኑ ከ15 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ተብሎ የተጻፈበት። ፋርማሲስቷ ቁርጭምጭሚቴንና ባቴን በሜትር ለክታ ነው ቁጥሩን የመረጠችው፤ ጠዋት፣ እግር ሳያብጥ፣ ነው መለካት ያለበት። የሚለበሰውም ከአልጋ ሳይወረድ ነው። ባለቤቴ ተንበርክኮ ሲያለብሰኝ አሥር ደቂቃ ፈጀበት፣ «ጫማ ሰፊ ቢያደርጉኝ ይሻል ነበር» እያለ። ሠርቷል፦ አዲስ አበባ ስደርስ እግሬ በገባበት ጫማ ነው የወጣው። ግን ሐቁን ልናገር፣ ለአንድ ሰዓት በረራ ካልሲው የግድ አይደለም፤ ሲስተርም ብላኝ ነበር፣ አልሰማኋትም። ነገሩ የሚያሳስበው ከ4 ሰዓት በላይ ስትቀመጡ ነው፣ ለምሳሌ ከአዲስ አበባ ዱባይና ከዚያም ወዲያ ስትሄዱ፤ ወይም በዚያ አውቶቡስ። በድሬ ሙቀት ደግሞ ለብሶ መቀመጥ ስቃይ ነው። እኔ ወንበሬ ላይ ያደረግኩት ነፃ ነገር ነበር፦ የእግሬን ጣት ወደ ላይ ወደ ታች፣ ቁርጭምጭሚቴን ማዞር፣ እግር አለማጣመር። ከጉዞ በኋላ አንደኛው ባታችሁ ብቻ አብጦ ቢያማችሁ፣ ቢሞቅ፣ ቢቀላ፣ ወይም ትንፋሽ ቢያጥራችሁ ግን እስኪነጋ አትጠብቁ፣ ሐኪም ጋ ሂዱ።

በእጅ ቦርሳዬ የያዝኩት፦ የክትትል ካርዴ፣ ደብዳቤው ከነኮፒው፣ የአይረን ክኒኔ፣ ውሃ፣ ነጠላ። የቀረውን ሻንጣ ውስጥ። ከላይ ያለው ዕቃ ማስቀመጫ ላይ ራሴ ምንም አልሰቀልኩም፣ የሐረሯ እናት አንድ ወጣት ጠርተው አሰቀሉልኝ።

ነጥብ ልስጥ ካላችሁ፦ በረራው ከአምስት አምስት። ኤርፖርቱ ውስጥ ያሉት ሰዎች አምስት። ዋጋው ከአውቶቡስ ጋር አይወዳደርም፣ ሦስት፤ ቢሆንም ለመውለጃ ብዬ በዕቁብ ያጠራቀምኩት ስለሆነ አልቆጨኝም። የፋርማሲው ካልሲ አራት። የትኬት ቢሮው ልጅ ባዶ። ባጃጁም ያው።

መመለሻ አልቆረጥኩም። ብዙ አየር መንገዶች ሕፃኑ ቢያንስ 7 ቀን እንዲሞላው ይፈልጋሉ ተብያለሁ፣ እኔን ግን የሚያሳስበኝ እሱ አይደለም፤ ወንድ ከሆነ 40፣ ሴት ከሆነች 80 ቀን ሞልቶ ክርስትና ሳይነሳ እናቴ መች ትለቀኛለች።

ቦሌ ላይ ስወጣ እናቴ ጋቢ ይዛ ጠበቀችኝ፣ ብርዱ ከድሬ ለመጣ ሰው ቀልድ አይደለም። ታክሲ ውስጥ ሆኜ አማቴ ጋ ደወልኩ።

«ታፈነ?» አሉኝ፣ ሰላምታ ሳይቀድም።

«እየረገጠኝ ነው እማማ።»

ትንሽ ዝም አሉ። «እንግዲያው ለክርስትናው እኔም በዚያው ነው የምመጣው። ያን ካልሲሽን አትጣይው፣ እግሬን እንደሁ ታውቂዋለሽ።»